ከሆላንድ ያመጣነው ተሞክሮ

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቴ ላሊበላ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሽኝት አደረገልኝ። የግድግዳ ሰዓት ተሰጠኝ፤ ደህና ሰዓት ነው፣ እስካሁን ይሠራል። ያበሸቀኝ መድረክ መሪው ነው። ማይክራፎኑን ጨብጦ «አቶ ሙሉጌታ የሆላንድን የቱሪስት መስህቦችና የመዝናኛ ፓርኮች ተሞክሮ ቀምረው ለከተማችን ያመጡ ባለውለታ ናቸው» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ምን ላድርግ፣ ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። ቤቴ ስገባ ግን እራቴ አልበላ አለኝ።

እኔ ከሆላንድ ያመጣሁት ለባለቤቴ ሹራብ፣ ለልጆቼ ቸኮሌት፣ ለራሴ ደግሞ አልለቅ ያለኝ ጉንፋን ነው። ተሞክሮ የሚባለውን ያመጡት ሌላ ሰው ናቸው፤ እኔ አስተርጓሚ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ያንን ጭብጨባ ለባለቤቱ ለመመለስ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ኮን ከተማ፣ በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ነው። ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ሠራተኛ ሲያሸጋሽግ «እንግሊዝኛ ያውቃል» የሚል ወሬ ስለደረሳቸው ወደ ቱሪዝም አዛወሩኝ። ደመወዙ ያው ነው፤ ጫማ ግን ቶሎ ይጨርሳል። መጀመሪያ የተመደብኩት ጋሸና ነበር፤ መንገዱ ወደ ላሊበላ የሚገነጠልበት ቦታ። በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ክፍል ሰጡኝና «የቱሪስት መረጃ ማዕከል» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉባት። የጋሸና ነፋስ ሰሌዳውን ሲያንቋቋው ይውላል፤ እኔ ውስጥ ተኮራምቼ እቀመጣለሁ። ፈረንጆቹ ላሊበላ ሳይመሽ ለመድረስ ስለሚቸኩሉ ከመኪና ወርደው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሽንት ቤት የት ነው? ሽንት ቤት አልነበረኝም። ለአለቆቼ በየሪፖርቱ «ማዕከሉ ሽንት ቤት ያስፈልገዋል» እያልኩ ጻፍኩ። የተላከልኝ መልስ ትልቅ የቤተ ጊዮርጊስ ፖስተር ነበር። ፖስተሩን ለጠፍኩት። ከባድ መኪና የሚነዱት ሾፌሮች ሻይ እየጠጡ ያዩትና «ይኼ የት አገር ነው?» ይሉኛል። መንገዱን በእጄ አሳያቸዋለሁ፤ ሳቅ ብለው ወደ መኪናቸው ይመለሳሉ።

ከዚያ እንደ ምንም ለምኜ ላሊበላ ገባሁ። አያ ደምሴን ያገኘሁትም ያኔ ነው።

አያ ደምሴ ከንጉሡ ዘመን ጀምረው እንግዳ ሲያስጎበኙ የኖሩ የላሊበላ ሰው ናቸው። ቢሮው «ሥራውን አሳዩት» ብሎ ከእሳቸው ኋላ ሲያስከትለኝ አንድ ነገር ይነግሩኛል ብዬ ደብተር ይዤ ሄድኩ። አንድም ነገር አልነገሩኝም። «እግሬን እይ» አሉኝ። እውነትም ሥራው እግር ላይ ነበር። እየተራመዱ አያወሩም፤ መናገር ሲፈልጉ ይቆማሉ። አለቱ ወጣ ገባ ነው፤ እንግዳው የአስረጂውን አፍ ሲያይ ጠርዙን ይስታል። በር ላይ ሲደርሱም አያስገቡም። እንግዶቹን ጥላው ውስጥ አቁመው ዝም ይላሉ። «ዓይናቸው ፀሐይ ተሸክሞ ነው የመጣው፤ እስቲ ትንሽ ያራግፍ» ይሉኝ ነበር። ጀማሪ አስጎብኚ እንግዳውን ዘው አድርጎ ያስገባና ጨለማ ውስጥ ሥዕል በጣቱ ያሳያል፤ እንግዳውም አላየሁም ላለማለት ራሱን ይነቀንቃል። ይህን ስንቴ አይቼ በግኛለሁ።

ከቤተ ገብርኤል ወዲያ ያለውን የጨለማ መተላለፊያ ሲገቡ ባትሪ አያበሩም። የእንግዳውን ቀኝ እጅ ግድግዳው ላይ ያስይዛሉ፣ ግራውን ከራሱ በላይ ያስነሡታል፣ ከዚያ ፊት ፊት እየሄዱ በለሆሳስ ያዜማሉ። ሰው በድምፃቸው እየተመራ ይወጣል። የፈራ እንግዳ ካለ ዜማው ቀስ ይላል። እኔ ድምፄ ስለማያምር እያሳልኩ እመራ ነበር።

ጫማም አለ። ሌላ አገር ያለ ሰው ይህን ስለማያውቅ ልንገረው። እንግዳ ጫማውን አንዱ በር ላይ አውልቆ ይገባል፤ የሚወጣው ግን በሌላ በር፣ አንዳንዴም በሌላ ቤተ ክርስቲያን በኩል ነው። ጫማ ጠባቂዎቹ አንሥተው በውጭ ዞረው መውጫው ላይ ይደረድሩለታል። ሰው ወጥቶ ጫማውን ደጁ ላይ ሲያገኘው ተአምር ይመስለዋል። አያ ደምሴ የተደረደረውን ጫማ ጎንበስ ብለው አፉን ወደ ውጭ ያዞሩታል፣ ማሰሪያውንም ያላሉታል። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «የደከመ ሰው ነዋ» ብለው አለፉኝ።

ጉብኝቱ የሚያልቀው ቤታቸው ነው። ቤቷ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ወዲያ ማዶ፣ በዳርቻው ረድፍ ላይ ነበረች። ከቀይ ድንጋይ የተሠራች ክብ ባለ ፎቅ፣ ሳር ክዳን፣ ደረጃዋ በውጭ የሚወጣ። ታች በጎች ያድራሉ፣ ላይ አያ ደምሴና ባለቤታቸው እትዬ ጥሩነሽ ይኖራሉ። እንግዶቹ መደብ ላይ ይቀመጣሉ፤ ቆሎና ጠላ ይቀርብላቸዋል። ከወለሉ በታች በጎቹ ያስላሉ። ግድግዳውን ጥቀርሻ ወዝ አስይዞታል። ገንዘብ ሊሰጡ የሞከሩትን አያ ደምሴ ይቆጧቸዋል። ከአገራቸው ሆነው ሰላምታ የሚልኩልኝ ሰዎች ስለ ቤተ መድኃኔ ዓለም ዓምዶች አይጠይቁኝም፤ «በጎቹ ያሉበት ቤት ሰዎች እንዴት ናቸው?» ነው የሚሉት። እኔም ራሴ ያቺን ቤት እወዳት ነበር። ከቢሮ ስብሰባ በኋላ ልቤ የሚመለሰው እዚያ መደብ ላይ ነው።

ሚሊኒየሙን ካከበርን በኋላ አቶ ግርማቸው አለቃችን ሆነው መጡ። ከኅብረት ሥራ ማደራጃ ነው የተዛወሩት። ሌባ ቢሆኑ ደስ ባለኝ፤ ሌባ ሰው አልፎ አልፎ ከቢሮ ይጠፋል። እሳቸው ታማኝ፣ ትጉህ፣ ማልደው የሚገቡ ሰው ናቸው። ጠዋት አንድ ለአምስት ያደራጁናል፣ ከሰዓት ይገመግሙናል፣ በማግስቱ የተገመገመውን እንደገና እንገመግማለን። እንግዳ በር ላይ ቆሞ እኛ አዳራሽ ውስጥ ስለ እንግዳ አቀባበል እንወያያለን። «አቅጣጫ ተቀምጧል» ካሉ አለቀ፤ አቅጣጫውን ማን እንዳስቀመጠው፣ የት እንዳስቀመጠው የሚያውቅ የለም።

በዚያው ሰሞን በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ያሉ ቤቶች ወደ ላይኛው ሰፈር ይነሡ የሚል ውሳኔ መጣ። ሐሳቡ መጥፎ ነው አልልም፤ የቤቶቹ ፍሳሽ ወደ አለቱ ይወርድ ነበር። የአያ ደምሴ ቤት ያለችበት የዳርቻው ረድፍ ግን ራቅ ያለ ነው፣ ፍሳሹም ወደ ገደሉ ነው። ይነሣ ወይስ ይቅር የሚለው እንደተንጠለጠለ ነበር። አያ ደምሴ ባገኙኝ ቁጥር «ምን ሰማህ? እኔስ ተዚህ አልነሣም» ይሉኛል። አቶ ግርማቸውን ብጠይቃቸው «የልምድ ልውውጥ ጉዟችንን ጨርሰን ስንመለስ እንወስናለን» አሉ። እንዲህ ሆኖ የአንድ የላስታ ሽማግሌ መኖሪያ ሆላንድ ላይ ተንጠለጠለ።

የጋበዙን ከተማችንን የሚረዱ የአንድ የሆላንድ ከተማ ሰዎች ናቸው። የሄድነው ሦስት ነን፤ አቶ ግርማቸው፣ ካህናቱን የወከሉት ቄስ አፈወርቅና እኔ። ዐቢይ ጾም ነበር። ቄስ አፈወርቅ ከቁርስ ጀምሮ አይብ ያልነካው ነገር ሲፈልጉ ይውላሉ፤ እኔ በየምግብ ቤቱ ስለ ጾም አስተረጉማለሁ፤ አስተናጋጆቹ በመጨረሻ ድንች ያመጣሉ። የአበባ እርሻ አየን፣ በነፋስ የሚዞር ወፍጮ አየን፣ ከመንገዱ ከፍ ብሎ የሚሄድ ወንዝ አየን። አገሩ አንዲት ጉብታ የለውም። ቄስ አፈወርቅ «እነዚህ ሰዎች ሱባኤ ሲገቡ ወዴት ይወጣሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

መዝናኛ ፓርክ ወሰዱን። አቶ ግርማቸው ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወረውን ባቡር አይተው «ሳንሞክረው ተሞክሮ አይባልም» አሉና ከነከረባታቸው ተሳፈሩ። ታች ቆመን ጠበቅናቸው። ሲወርዱ ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ከረባታቸው ጀርባቸው ላይ ዞሯል። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከረባታቸውን አስተካከሉና «አደረጃጀቱ ግሩም ነው» አሉ።

ከዚያ ባቡር አጠገብ በጀልባ እየተሄደ የሚጎበኝ ሰው ሠራሽ ዋሻ ነበር፤ የዓለምን ድንቅ ነገሮች በጂፕስና በፕላስቲክ ሠርተው ያሳዩበታል። መግቢያው ላይ ምን እንዳለ ገምቱ። ከአለት የተፈለፈለ የሚመስል ቀይ ቤተ ክርስቲያን፣ በመስቀል ቅርጽ። አለቱ ፕላስቲክ ነው፤ ስትነካው እንደ ባልዲ ይንኳኳል። ቄስ አፈወርቅ ግን አልነኩትም። ከሩቅ ቆመው አማተቡ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ደጁን ተሳልመው ገቡ። እኔ ከትኬት ሻጩ ጋር ስነጋገር ነበርና ዘወር ስል የሉም። ጀልባ ላይ ደረስኩባቸው።

«አባቴ፣ ይህ እኮ መጫወቻ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ። ፕላስቲኩን መች ተሳለምኩ? የመሰለውን ነው የተሳለምኩት።»

መልሱ አስደሰተኝ። ችግሩ ስንወጣ መጣ። የምንወጣው በሌላ በር ነው። ቄስ አፈወርቅ ደጁ ላይ ቆመው ግራና ቀኝ መሬቱን ያያሉ። እዚያ አገር ብርዱ የጉድ ነው፤ እሳቸው በካልሲ ቆመዋል። «ምን ፈለጉ አባቴ?» አልኳቸው። «ጫማዬ ገና አልደረሰም እንዴ?» አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን ጫማቸውን አንዱ በር ላይ ትተው በሌላው በር ሲያገኙት ለኖሩ ሰው ይህ ቀላል ጥያቄ ነው። ጫማ የሚያዞር ሰው እዚህ የለም ብዬ ስነግራቸው ከልባቸው አዘኑ። «ይህን ሁሉ ሠርተው ጫማ የሚያቀብል ሰው አጡ?» አሉ። ጫማው የተገኘው በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ፣ የጠፋ ዕቃ ከሚቀመጥበት ክፍል ነው። ለማስመለስ ስለ ቀለሙና ስለ ቁጥሩ ብዙ ተጠየቅን። አቶ ግርማቸው ግን የሚገርማቸውን ሌላ ነገር አግኝተው ነበር፤ «የእኛን ቅርስ አስመስለው ሠርተው እንኳ ሰልፍ አለው» አሉ።

ጉዞውን ያበላሸብን ግን በማግስቱ ያየነው ነው። ገላጣ ሜዳ ላይ የተሠራ የድሮ መንደር አለ። ከየአገሩ ማዕዘን አሮጌ የገበሬ ቤት እየነቀሉ አምጥተው ተክለውታል። ውስጡ የድሮ ልብስ የለበሱ ሰዎች አሉ፤ አንዱ የእንጨት ጫማ ይጠርባል፣ አንዷ ቂጣ ትጋግራለች፣ ሌላው ፈረስ ይለጉማል። ደስ ይላል፤ አልዋሽም። ቂጣ የምትጋግረውን አሮጊት ቤቱ የማን እንደነበረ ጠየቅኳት። ባዶ ሆኖ ሊፈርስ ሲል አንሥተው ያመጡት ነው አለችኝ። «አንቺስ የት ነው የምትኖሪው?» አልኳት። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ፎቅ ላይ እንደምትኖርና ሰዓቷ ሲደርስ ቀሚሱን አስረክባ እንደምትሄድ እየሳቀች ነገረችኝ። ለአቶ ግርማቸው ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው።

እሳቸው ቤቱ መሐል ቆመው ዙሪያውን እያዩ «አዩ አቶ ሙሉጌታ፣ ነዋሪ የለም፣ ሕይወት ግን አለ። ንጹሕ ነው። ሰዓቱን ጠብቆ ይከፈታል፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይዘጋል» አሉኝ።

«አቶ ግርማቸው፣ እነዚህ ያዳኑት ባዶ ቤት ነው። የእኛዎቹ ቤቶች ባለቤት አላቸው።»

«ተሞክሮ እንዳለ አይገለበጥም። ይቀመራል» አሉ።

ተመልሰን ስብሰባ ተጠራ። አቶ ግርማቸው ፎቶዎቹን ግድግዳ ላይ እያሳዩ የዳርቻው ረድፍ «የባህል መንደር» እንዲሆን፣ ነዋሪዎቹ ላይኛው ሰፈር እንዲገቡ፣ በቤቶቹ ውስጥም የጥንቱን አኗኗር የሚያሳዩ ሰዎች እንዲቀጠሩ ሐሳብ አቀረቡ። መሐል ላይ መብራት ጠፋ፤ በጨለማ ቀጠሉ። እጄን አውጥቼ «የጥንቱን አኗኗር የሚያሳይ ሰው ለመቅጠር የሚኖረውን ሰው ማስወጣት ምን ይባላል?» ብዬ ጠየቅኩ። የአመለካከት ክፍተት ይባላል ተባልኩ። ክፍተቱ የእኔ ነው።

ቢሆንም አንድ ነገር አገኘሁ። ከክልል ኃላፊዎች መጥተው ረድፉን በዓይናቸው አይተው እንዲወስኑ ተስማማን። አስጎብኚ ነኝ፤ ሰውን በማሳየት ማሳመን ሥራዬ ነው። የማሳያቸው ደግሞ የአያ ደምሴን ቤት ነው። እነዚያ ፈረንጆች መደቡ ላይ ተቀምጠው የሚያዩትን እነዚህም ያያሉ፤ ጥቀርሻውን፣ በጎቹን፣ ጠላውን። ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር አያ ደምሴን «ምንም ነገር እንዳይነኩ፤ ቤቱ እንዳለ ይሁን። ከዚህ አልነሣም የሚሉኝን ደግሞ በራስዎ አፍ ይንገሯቸው» አልኳቸው። «እነግራቸዋለሁ እንጂ፤ ምን ብየ ልፈራ» አሉኝ። አምኜ ተኛሁ።

በማግስቱ ኃላፊዎቹን አስከትዬ ደረጃውን ወጣሁና በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። እትዬ ጥሩነሽ ግድግዳውን ዙሪያውን በነጭ አፈር ለቅልቀውታል። አንዲት ነጥብ ጥቀርሻ የለችም። ምድጃው በአበባማ ላስቲክ ተሸፍኖ የፕላስቲክ ጽጌረዳ ተቀምጦበታል። መደቡ ላይ ማንም እንዳይቀመጥ ከጠጅ ቤት የተዋሷቸው የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። በጎቹ ዘመድ ቤት ተልከዋል። በጠላው ፈንታ ለስላሳ ቀርቧል። እትዬ ጥሩነሽ አዲስ ቀሚሳቸውን ለብሰው ደጅ ድረስ ወጥተው ተቀበሉን።

ቀስ ብዬ «እትዬ፣ ምነው?» አልኳቸው።

«ተክልል ሰው ሊመጣ በጥቀርሻ ልቀበል ኑሯል? ሰው ምን ይለኛል?» አሉኝ። ጭራሽ ተበሳጩብኝ።

ዋናው ኃላፊ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነጩን ግድግዳ አየ፣ ለስላሳውን አየ፣ እኔን አየ። «የጥንቱ አኗኗር የቱ ነው?» አለኝ። ከዚያ ወደ እትዬ ጥሩነሽ ዞሮ «እናቴ፣ ምን ይጎድልዎታል?» አላቸው።

«ምን ልበላችሁ ልጆቸ፣ ውሃ ነዋ። ተወንዝ በጀርባየ ስሸከም ወገቤ ጎበጠ። መብራትም ቢገባልን ሸጋ ነበር።»

እውነታቸውን ነው። ማን ይፈርድባቸዋል? ላይኛው ሰፈር ቧንቧና መብራት እንደሚገባ ኃላፊው ነገራቸው፤ መረቁት። እኔ አያ ደምሴን በዓይኔ ለመንኳቸው። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ለስላሳ ይከፍታሉ።

«አባባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ተባሉ።

«እናንተ ያላችሁት ይሁን» አሉ። «በሉ ጠጡ እንጂ፤ ባዶ ቤት ሆነባችሁ።»

«አያ ደምሴ፣ ለእኔ የነገሩኝን ይንገሯቸው እንጂ» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

ዞር ብለው ገሠጹኝ። «እንግዳ ቤት ተቀምጦ ክርክር ምንድር ነው ልጀ? ነውር አይዶለም?»

አለቀ። ነዋሪዎቹ በሙሉ ፈቃደኛ ናቸው ተባለ። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ቀን የከሸፈብኝ የለም። አያ ደምሴን ቢሮ አስጠርቼ ቢሆን ኖሮ ጠረጴዛ ይደበድቡ ነበር፤ እንግዳ ሆነው ሲሄዱ አያ ደምሴ ማንንም አይፈሩም። ቤታቸው ላይ ግን አስተናጋጅ ናቸው። የተቀበሉትን ሰው በራሳቸው ቤት እንዴት እምቢ ይበሉት? ይህን እኔ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ ስንት ዓመት ጠላቸውን ጠጥቻለሁ። እንግዳ መቀበል ሌላ፣ ክስ ማሰማት ሌላ እንደሆነ ግን ያኔ አልመጣልኝም።

በበጋው ተነሡ። ለካሳው የተከፈለው ተከፈለ። እትዬ ጥሩነሽ ቧንቧውን ወደዱት፤ ውሃው በመጣ ቀን ሰፈሩን ሁሉ ይጠራሉ፤ ባልመጣ ቀን ይረግማሉ፤ መርገሙ ይበዛ ነበር። አያ ደምሴ ግን ከቆርቆሮው ሥር እንቅልፍ እምቢ አላቸው። ዝናቡ ሲመታው ሰው የሚጠራቸው ይመስላቸዋል።

የባህል መንደሩ ተከፈተ። ቁልፍ ተሠራ፣ ዘበኛ ተቀጠረ፣ የእሳት አደጋ ለመከላከል በቤቶቹ ውስጥ እሳት ማንደድ ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ ተለጠፈ። ሳር ክዳን ጭስ ካልጠጣ በክረምት ይበሰብሳል፣ እንጨቱንም ምስጥ ይበላዋል፤ ይህን እዚህ አገር የማያውቅ ሰው የለም። አቶ ግርማቸውም ያውቃሉ፤ የሳር ቤት ልጅ ናቸው። «ሆላንድ ውስጥ የሚጨስ ቤት አይተዋል?» አሉኝ። በቤቶቹ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ሲፈለግ ደግሞ አያ ደምሴ አመለከቱ። አቶ ግርማቸው በደስታ ተቀበሏቸው። «እውነተኛ ባለሙያ አገኘን» አሉ። አያ ደምሴ በገዛ ቤታቸው የጥንት ሰው ሆነው ተቀጠሩ። ጠዋት ነጭ ጋቢ ለብሰው ከላይኛው ሰፈር ይወርዳሉ፣ ዘበኛው ይከፍትላቸዋል፣ በነጩ ግድግዳ ሥር መደብ ላይ ይቀመጣሉ። በግ የለም፣ ጠላ የለም፣ ምድጃው ቀዝቅዟል። እንግዳ አስገባና እቆማለሁ፤ እሳቸው አንገታቸውን ደፋ አድርገው እጅ ይነሣሉ። እንግዶቹ ጥቂት ቆይተው ይወጣሉ። ለምን ተቀጠሩ ብዬ ስጨቀጭቃቸው «ሌላ በምን ልግባ?» አሉኝ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ ከሳሩ ክዳን ጭስ ሲወጣ ታየ። ሰው በጀሪካን ውሃ ይዞ ተንጋጋ። ዘበኛውና እኔ ቀድመን ገባን። አያ ደምሴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው እርጥብ የወይራ ቅጠል ያነዳሉ። ዓይናቸው ከጭሱ ይሁን ከሌላ አላውቅም እንባ አቅርሯል።

«ምስጡ ማገሩ ላይ ደርሷል» አሉኝ። «ጆሮህን አስጠጋና ስማ።»

አስጠጋሁ። ይበላል፤ ይሰማል።

«ትንሽ ይጨስላት፤ ሌላ ምን አልኩ?» አሉ። ዘበኛው ምድጃው ላይ ውሃ ደፋበት።

በዚያው ሳምንት ከሥራ ተሰናበቱ። አቶ ግርማቸው ቢሮ ገብቼ ጮህኩባቸው። «ሰውየው ያነደዱት የገዛ ቤታቸውን ምድጃ ነው» አልኩ። «በሥራ ሰዓት» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ክፋት የለም፤ አንጀቴን ያሳረረው እሱ ነው። ሻይ አዘዙልኝ፤ ሳልጠጣው ወጣሁ።

ክዳኑ የተናደው በሚቀጥለው ክረምት ነው። ፎቁ ወደ ታች ገባ፤ ክቡ ግድግዳ ብቻ ቆሞ ቀረ። አቶ ግርማቸው ያኔ አድገው ወደ ሌላ ዞን ሄደዋል። እኛ ሪፖርቱ ላይ «ጥገና በሂደት ላይ» እያልን ጻፍን። ጥገናው እኔ ጡረታ እስክወጣ በሂደት ላይ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ወደዚያ መውረድ ጠሉ። አያ ደምሴ ግን ከሰዓት በኋላ በከዘራቸው እየወረዱ ከግድግዳው ሥር አንድ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። አልፎ አልፎ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ስለ እንግዳ ብዛት ይጠይቁኛል፤ ስለ ቤቱ አናወራም።

ጡረታዬ ሲቃረብ አንድ ቀን ወደ እሳቸው ስወርድ አንድ አዲስ አስጎብኚ እንግዶች ይዞ ቀድሞኝ ደረሰ። ከሌላ ከተማ የመጣ ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው፤ እንግሊዝኛው ከእኔ ይሻላል። ቤቱ ከጥንት ጀምሮ ፍርስራሽ እንደሆነና ማን ይኖርበት እንደነበር እንደማይታወቅ አስረዳቸው። እንግዶቹ ካሜራቸውን አወጡ። ልጁ ወደ አያ ደምሴ ዞሮ በትሕትና ጎንበስ አለ።

«አባባ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉላቸው። ቤቱን ብቻ ነው የሚፈልጉት።»

ልጮህ አፌን ስከፍት አያ ደምሴ አዩኝ። መዳፋቸውን ዝቅ አድርገው ዝም እንድል ምልክት ሰጡኝ፤ እንግዳ አለ። ከዚያ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡና ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ። እንግዶቹ ፎቷቸውን አንሥተው አመሰገኗቸው።